መንገድ መሪው የማን ነው?

በአገራችን መንገደኛ ብቻውን ሄዶ አያውቅም ብንል ብዙም አላጋነንንም። ከፊቱ ወይም ከጎኑ ሁልጊዜ አንድ ሰው አለ፤ መንገድ መሪ፣ ባልደረባ፣ ነጋድራስ፣ ደላላ፣ በእኛ ዘመን ደግሞ የታክሲ ረዳት። ዛሬ ወደዚህ ሰልፍ ሥጋም ደምም የሌለው፣ በስልካችን ውስጥ የሚኖር አዲስ መሪ ገብቷል። ሠሪዎቹ ከዚህ በፊት ያልነበረ ነገር ይሉታል። ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ እየተመላለስን የምንማር እኛ ግን ሥራው አሮጌ፣ ሠራተኛው ብቻ አዲስ ነው እንላለን። ሥራው አሮጌ ከሆነ ደግሞ ታሪክ አለው ማለት ነው። በታሪኩም ውስጥ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ እናገኛለን፤ ይህ የሚመራኝ የማን ሰው ነው?

አስቀድመን ነገሩን እንወቀው። ተራ ፕሮግራም የታዘዘውን ብቻ ይሠራል፤ ሲነኩት ይመልሳል፣ ካልነኩት ዝም። ወኪል የሚባለው ሶፍትዌር ግን ስሙ እንደሚለው ውክልና የተሰጠው ነው። «ሐሙስ ድሬዳዋ መድረስ አለብኝ፤ በእጄ ያለው ገንዘብ ይህ ነው፤ ሌሊት መጓዝ አልወድም» ትለዋለህ፤ የቀረውን እርሱ ይፈልጋል፣ ያወዳድራል፣ ይመርጣል፣ ከፈቀድክለትም ይከፍላል። እየቆየ ሲሄድ ጠባይህን ያጠናል። በመስኮት በኩል መቀመጥ እንደምትወድ፣ ሁልጊዜ ርካሹን እንደምትመርጥ፣ ዓርብ ዓርብ ወደ ቤተሰብ እንደምትሄድ ሳትነግረው ያውቀዋል። ለሁሉም አንድ ዓይነት መልስ መስጠቱን ትቶ ባንተ ልክ የተቆረጠ መንገድ ያቀርብልሃል። እንደ ልብስ ሰፊ በሉት፤ አንዴ ከለካህ በኋላ ቁመትህን አይረሳም።

እንግዲህ ወደ ኋላ እንመለስ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ሸዋ የዘለቁ አውሮጳውያን የጻፉትን ያገላበጠ ሰው «ባልደረባ» የሚለውን ቃል ደጋግሞ ያገኘዋል። ዛሬ ባልደረባ ስንል አብሮን የሚሠራ ሰው ማለታችን ነው። ያን ጊዜ ግን የደጅ ሥርዓት ነበር። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847) ወደ አንኮበር የመጣ እንግዳ ዘው ብሎ እልፍኝ አይገባም፤ ባልደረባ ይሰጠዋል። ንጉሡ ዘንድ የሚያስገባው እርሱ ነው። ቃሉን የሚያደርስለት፣ ድርጎው እንዳይጓደል የሚከታተልለት፣ መቼ ደጅ መጥናት መቼም ዝም ማለት እንደሚሻል የሚነግረው እርሱ ነው። እንግዳው ቋንቋውንም ወጉንም አያውቅም፤ ባልደረባው ሁለቱንም ያውቃል፤ ቆይቶም እንግዳውን ራሱን ያውቀዋል። ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚያስቆጣው፣ በዕቃው ውስጥ ምን እንዳለ። ከዚህ የበለጠ ለሰው በሰው ልክ የተሰፋ አገልግሎት ከየት ይመጣል?

ታዲያ የባልደረባው ዕውቀት አንድ ቦታ ላይ አይቆምም ነበር። ለእንግዳው አፍ እንደሆነ ሁሉ ለንጉሡ ዓይንና ጆሮ ነበር። እንግዳው ከማን ጋር እንደተነጋገረ፣ ወዴት ሊሄድ እንዳሰበ፣ መቼ ሊወጣ እንደሚፈልግ ቤተ መንግሥቱ የሚሰማው በእርሱ በኩል ነው። የሰጠው ንጉሡ ነውና ሊያስቀረውም ይችላል። ከነዚያ ሰዎች ጽሑፍ ምስጋናም ምሬትም አብረው የሚሰሙት ለዚህ ይመስለናል። ባልደረባው ክፉ ሰው ስለነበረ አይደለም፤ ሁለት ጌታ ስለነበረው ነው።

የነጋድራስ ነገር ደግሞ ከዚህ ይለያል፤ ለእኛ ለሱሉልታ ልጆችም ይቀርባል። ከጎጃም ባሶ ገበያ ተነሥቶ ዓባይን የሚሻገር ሲራራ ነጋዴ በሰላሌ አልፎ ወደ ሸዋ ልብ ሲመጣ የሱሉልታን ሜዳ መርገጡ አይቀርም፤ ከዚያ ወዲያ እንጦጦ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ስሕተት ዋጋው ብዙ ነበር። በክረምት ዓባይ አይሻገሩትም፤ ከመስቀል በኋላም ቢሆን የውሃውን መጉደል የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። የትኛው ኬላ ላይ ምን እንደሚከፈል፣ የት ሽፍታ እንዳለ፣ የት ሣርና ውሃ እንደሚገኝ፣ የየትኛው ነጋዴ አጋሰስ እንደደከመ፣ ይህን ሁሉ በጭንቅላቱ ይዞ ቅፍለቱን የሚያስነሣና የሚያሳርፍ ሰው ነጋድራስ ነበር። ቃሉ ራሱ የነጋዴ ራስ ማለት ነው፤ ከነጋዴው መሐል የወጣ የነጋዴ አለቃ።

ቀጥሎ የሆነው ነው የሚገርመው። መንግሥት እየጠነከረ ገበያና ኬላን በእጁ ሲያስገባ ስሙ ሳይለወጥ ሥራው ተለወጠ። ነጋድራስ የቅፍለት መሪ መሆኑ ቀርቶ የቀረጥ ሹም ሆነ። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የድሬዳዋ ነጋድራስ ተብሎ ሲሾም ግመል ሊጭን አልነበረም፤ የጉምሩክ ሥራ ሊመራ ነው። (ያ ታላቅ ሰው ስለ ቀረጥ አበሳ ራሱ ምን ያህል እንደጻፈ የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ይንገሩን፤ የእነርሱ እርሻ ነው።) የመንገደኛው ወገን የነበረው ሹም መንገደኛውን አስቁሞ የሚያስከፍል ሆነ ማለት ነው፤ በዚያው ስም፣ በዚያው ክብር።

ይህን ይዘን ባሕር ማዶ እንሻገር፤ ምክንያቱም እዚያም በኮምፒዩተር ዘመን ያንኑ ታሪክ እናገኘዋለን። እ.ኤ.አ. በ1953 የአሜሪካን ኤርላይንስ ፕሬዚዳንትና አንድ የአይቢኤም ሻጭ ከሎስ አንጀለስ ወደ ኒው ዮርክ በሚበር አውሮፕላን ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ኖሮ ጨዋታ ጀመሩ። ሁለቱም ስማቸው ስሚዝ መሆኑ ነው ወሬውን ያስጀመረው ይባላል። ከዚያ ጨዋታ «ሴበር» የተባለው የቦታ መያዣ ሥርዓት ተወለደ፤ በ1960 መሥራት ጀምሮ በ1964 መላውን የኩባንያውን መረብ ሸፈነ። በ1976 ማሽኑ ወደ ጉዞ ወኪሎች ቢሮ ገባ። መንገደኛው ወኪሉን ይጠይቃል፣ ወኪሉ ማሽኑን ይጠይቃል፣ ማሽኑ ዝርዝር ያወጣል። ታዲያ በዝርዝሩ ራስ ላይ የሚወጣው የማን በረራ ይመስላችኋል? የማሽኑ ባለቤት በረራ ነዋ! ሥራ የበዛበት ወኪል ከመጀመሪያው ገጽ እምብዛም አያልፍም፤ ስለዚህ ከላይ የተጻፈው ይሸጣል። የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሮበርት ክራንዶል በምክር ቤቱ ፊት ሲጠየቁ አልሸሸጉትም፤ ሥርዓቱን የሠራነው ለዚሁ ነው የሚል መንፈስ ያለው መልስ ሰጡ። በ1984 የአገሪቱ የሲቪል አቪዬሽን ቦርድ እንዲህ ያለውን አድልዎ የሚከለክል ደንብ አወጣ። መንገደኛው እስከዚያ ድረስ ገለልተኛ ምክር የሚሰማ ይመስለው ነበር።

እዚያው አሜሪካ ውስጥ ሌሎች ሰዎች ደግሞ የሚያወያይ ማሽን እየሞከሩ ነበር። በ1977 በካሊፎርኒያ የዜሮክስ ምርምር ጣቢያ «ጋስ» የተባለ ፕሮግራም ተሠራ፤ የጉዞ ወኪል ሆኖ በጽሑፍ ይነጋገራል። ወዴት? መቼ? በስንት ሰዓት? እያለ እየጠየቀ ባዶውን ቦታ ይሞላል። የሚያውቀው በካሊፎርኒያ ውስጥ ወደ አንዲት ከተማ ደርሶ መልስ መሄድን ብቻ ነበር። በ1994 ፓቲ ማስ የተባለች በኤምአይቲ የምታስተምር ቤልጅየማዊት ተመራማሪ፣ ወኪል ፕሮግራም ታዛዥ ብቻ ሳይሆን ከባለቤቱ ትከሻ ላይ ሆኖ እያየ የሚማር መሆን አለበት የሚለውን ሐሳብ በሰፊው በሚነበብ ጽሑፍ አቀረበች። በ1997 ደግሞ «ፊፓ» የተባለው ማኅበር ወኪል ፕሮግራሞች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበትን ደንብ ሲያወጣ ለናሙና ከመረጣቸው ሥራዎች አንዱ ለግለሰብ የጉዞ ረዳት መሆን ነበር። ጉዞ ለምን ተመረጠ? እንደሚመስለን ጉዞ ማለት ብዙ ትናንሽ ውሳኔ ስለሆነ ነው፤ ሰው ደግሞ ትናንሽ ውሳኔ ይሰለቸዋል።

በአገራችን በዚያ ጊዜ የጉዞ እቅድ የሚባለው ለሁሉም አንድ ነበር። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የቱሪዝምን ድርጅት ከምንም አንሥተው «የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ» የሚለውን መጠሪያ ለዓለም አስተዋወቁ፤ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ አክሱም የታሪክ መንገድ ሆኑ። ትልቅ ሥራ ነው፤ ግን ለውጭ እንግዳ የተሰፋ ነው። ለአገሬው የደርግ ዘመን ያመጣለት ሌላ ዓይነት ወረቀት ነበር፤ ከቀበሌ የሚጻፍ የይለፍ ወረቀት። ወዴት ትሄዳለህ? ለምን? መቼ ትመለሳለህ? ከጋስ ጥያቄዎች ጋር አስተያዩት። ጥያቄው አንድ ነው፤ የሚለየው መልሱ የሚቀመጥበት መዝገብ ነው። የዚያን ጊዜ ኬላ ላይ ከአውቶቡስ እየወረዱ የተፈተሹ ወላጆቻችን ዛሬ ስልካችን «አሁን የት ነህ?» ብሎ ሲጠይቅ አይተው ፊታቸው ቢለዋወጥ አይፈረድባቸውም።

አሁን ወደ ሠፈራችን እንግባ። ሰበታ በደቡብ ምዕራብ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በምዕራብ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በሰሜን በጎጃም መንገድ ላይ ናቸው፤ የአዲስ አበባ ሦስት በሮች ብንላቸው ያስኬዳል። የእኛ ጉዞ አውሮፕላንም ሆቴልም የለበትም። ጠዋት ካራ ቆሬና አየር ጤና፣ አስኮ፣ አዲሱ ገበያ፤ ማታ ያንኑ መልስ። ግን በዚህች አጭር መንገድ ውስጥ ያለው ውሳኔ ብዛቱ! ሰልፉ ረጅም ነው ወይስ በእግር ጥቂት ወጣ ብሎ መያዝ ይሻላል? ሹፌሩ መንገዱን ቆርጦ ሊጭን ነው ወይስ በቀጥታ ይሄዳል? (ቆርጦ መጫን የማያውቅ አንባቢ ካለ ዕድለኛ ነው፤ አንዱን መንገድ ሁለት አድርጎ ሁለት ጊዜ ማስከፈል ማለት ነው።) ነዳጅ ሰልፍ ስላለ ዛሬ ታክሲው ይቀንሳል? ዝናቡ ከመጣ ያ የተቆፈረው መንገድ ያሳልፋል? ይህን ሁሉ የሚያውቀው ማነው ቢባል ረዳቱ ነው፤ በተለምዶ ወያላ የምንለው። ካርታ የለውም፤ ግን ከተማው በጭንቅላቱ ውስጥ በየሰዓቱ ይታደሳል። አንዳንዱማ «ዛሬ ዘገየሽ፣ ፈተና የለም እንዴ?» እስከ ማለት ይደርሳል፤ ይህ እንግዲህ ሰውን ለይቶ ማገልገል ካልሆነ ምን ሊሆን ነው። ይሁንና ረዳቱም ሁለት ጌታ አለው። ማታ ማታ ለተሳፋሪው ሳይሆን ለዕለት ገቢው ይሠራል፤ «ሁለት ሰው ብቻ!» እያለ አምስት ሰው ይጨምርበታል።

ስለ ረዳቱ ጩኸት አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ሰበታ ላይ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ፤ ማየት የተሳናቸው ብዙ ተማሪዎችም በዚያ በኩል አልፈው ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል። ታክሲው አናት ላይ ያለው ታፔላ ለእነርሱ ምንም ነው። «አየር ጤና! አለም ገና! ሰበታ!» የሚለው ድምፅ ግን ይነበባል። ብዙዎቻችን የምንማረርበት ያ ጩኸት ለአንዳንዶቻችን ከተማው ያለው ብቸኛ ጽሑፍ ነው። በአማርኛና በኦሮምኛ የሚሰማና የሚናገር ወኪል ቢሠራ አስቀድሞ የሚጠቅመው እነርሱን ነው። በመስታወት ላይ በጣት ብቻ የሚሠራ ከሆነ ግን ከታፔላው በምን ይሻላል?

ማሽኑ እኛን የማወቁ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የከተሞቻችን ስም በአማርኛ አንድ ዓይነት፣ በቁቤ ሌላ፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ እንደ ጸሐፊው ፈቃድ ይጻፋል፤ ሰበታ በቁቤ ስትሆን «በ»ን ትደርባለች። ለሰው ይህ ምንም አይደለም፤ ለማሽን ሁለት ሦስት ከተማ ሊሆን ይችላል። አዲሱን የባቡር መስመር እንይ። መስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ መስመር መነሻው ሰበታ ነው፤ ካርታ ያነበበ ሁሉ እንዲህ ይላል። አገልግሎቱ በ2010 ዓ.ም. ሲጀመር ግን ተሳፋሪው ወደ ድሬዳዋ የሚሳፈረው ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ሆነ። ካርታ ብቻ የሚያነብ ወኪል የሰበታን ልጅ ሻንጣ አስይዞ ሰበታ ጣቢያ ይገትረዋል፤ የሰበታ ሰው ግን «ልጄ፣ ለቡ ሂድ» ይለዋል። ቤታችንን ስንገልጽም በመንገድ ስምና በቁጥር አይደለም፤ «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ድሮ ዛፉ የነበረበት» ነው። ዛፉ ከተቆረጠ ቆይቷል፤ ለአድራሻ ግን ገና ይሠራል።

በእኛ አካባቢ ካርታ ቀላል ነገር አለመሆኑንም አንባቢ ያስታውስ። አዲስ አበባንና ዙሪያዋን ያጣምር የተባለው ማስተር ፕላን ስንት ሕይወት ከተቀጠፈበት ተቃውሞ በኋላ ጥር 2008 ዓ.ም. ቀርቷል። ሦስቱም ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ሆነዋል። በየቀኑ ሁለት ጊዜ የአስተዳደር ወሰን የምንሻገር ሰዎች ነን፤ ወሰኑን የሚያውቅ፣ ባይወስንም የሚያስተውል መሪ ያስፈልገናል።

ከነዚህ ከተሞች ልጆች መሐል በስልክ መኪና መጥራትን ያልሞከረ ጥቂት ነው። ሳምራዊት ፍቅሩ እ.ኤ.አ. በ2014 ባቋቋመችው ሃይብሪድ ዲዛይንስ የተሠራው «ራይድ» እና ከእርሱ በኋላ የመጡት የጉዞን ነገር ለውጠዋል፤ ከመሳፈር በፊት ዋጋ መገመት፣ የሹፌሩን ስምና ታርጋ ማወቅ። ለአንዲት ማታ ከቤተ መጻሕፍት ለምትወጣ ተማሪ ይህ ቅንጦት አይደለም። «ራይድ» ዘመናዊ ስልክ ለሌለው 8294 ብሎ በመደወል ሰው የሚያናግርበትን በር መክፈቱን እኛ ከሁሉ አብልጠን እናደንቃለን፤ አገሩን የሚያውቅ ሰው የሠራው መሆኑ እዚህ ላይ ይታያል። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቆይ በመረብ ላይ የቆመው ሁሉ አብሮ ወደቀ፤ ድምፅ ብቻ ቀረ። ረዳቱ ግን ሲግናል አያስፈልገውም።

ከእ.ኤ.አ. 2022 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በሰው ቋንቋ የሚያወሩት ፕሮግራሞች መጡ። በ2025 መጀመሪያ ኦፕንኤአይ «ኦፐሬተር» ብሎ ያወጣው ራሱ ድረ ገጽ እየከፈተ ቦታ ሲይዝ ታየ። ጋስ አድጎ ጎረመሰ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ስላለ መክፈሉም የሚቸግር አይሆንም፤ ነገ ከነገ ወዲያ «ማታ 1 ሰዓት ላይ ሱሉልታ አድርሰኝ» ማለት ይበቃ ይሆናል። ይህን የምንቃወም ሰዎች አይደለንም። የሱሉልታ ዳገት በጭጋግ ማታ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ፣ ወንበር ለማግኘት ስንት ሰዓት ቆማ ቤተሰቧን ያስጨነቀች ተማሪ፣ ወኪል ቢኖር እንዴት ትጠላለች?

የምንጠይቀው አሮጌውን ጥያቄ ነው። ሙያው በነፃ ከሆነ ድርጎውን የሚሰፍርለት ማነው? «ይህ ይሻልሻል» ሲላት የሚሻለው ለእርሷ ነው ወይስ ከላይ እንዲጻፍ ለከፈለው? ሴበር ዝርዝር ያሳይ ነበር፤ ቢያንስ ሁለተኛውን ገጽ መክፈት ይቻላል። የዛሬው ወኪል ግን አንድ መልስ ነው የሚሰጠው፤ ሁለተኛ ገጽ የለውም። የሚያውቀውስ? ዓርብ ማታ የት እንደምንወርድ፣ ስንት ብር እንዳለን፣ ማን ቤት እንደምናድር። ባልደረባው የሚያወራው ለአንድ ንጉሥ ነበር፤ ንጉሡም በስም ይታወቃል፣ ደጁም አንኮበር ነው። ለማሽኑ ወኪል ደጁ የት እንደሆነ ተጠቃሚው ሊነገረው ይገባል እንላለን። ደግሞም ዋናው ዕውቀት፣ የሰልፉ፣ የተቆረጠው መንገድ፣ የለቡ ጣቢያ ነገር፣ ከረዳቱና ከእኛው ጉሮሮ ተለቅሞ የሚሄድ ነውና የቅፍለቱ አለቃ በሂደት የኬላ ሹም እንዳይሆንብን ከወዲሁ የሚያሰጋ ነው።

ስለዚህ ከዚህ ዓመት ጀምሮ ከሦስቱ ከተሞች የምንመላለስ ተማሪዎች አንድ ደብተር ከፍተናል። በየመስመሩ ታክሲ በስንት ሰዓት እንደሚጠፋ፣ የት እንደሚቆርጡ፣ የትኛው ማቆሚያ መብራት እንዳለው፣ ማየት ለተሳነው ሰው የትኛው መሻገሪያ አደገኛ እንደሆነ እንጽፋለን፤ በአማርኛም በኦሮምኛም። የሰው ስም አይጻፍበትም። ነገ ማንም ወኪል ሠሪ ቢመጣ ደብተሩን በደንብ ነው የምናሳየው፤ በነፃ ወስዶ በዋጋ እንዳይመልስልን። የአስኮና የቡራዩ ክፍል ተሟልቷል። የሰበታው ከአለም ገና ወዲያ ይጎድላል፤ የሱሉልታው ደግሞ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ያለው ገጽ ገና ባዶ ነው። የሚያውቅ ለዝግጅት ክፍሉ ይስጥልን።